በጉ አደራ ነው፣ አይበላም

(ደብረ ብርሃን ላይ ለአስጎብኚዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን አረፈዳችሁ! ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነሥታችሁ የመጣችሁ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የቆላዎቹ ጋቢ ሳትይዙ መምጣታችሁን አይቻለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ንቃችሁት ከሆነ እስከ ማታ ራሱ ይነግራችኋል። አባቶች፣ ከፊት ስለተቀመጣችሁልን እናመሰግናለን።

ይህን በግ እዩልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይታያችኋል? ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራ ነው። ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከአንድ የዶሮ እንቁላል አይበልጥም። እሆዱ ሥር የተሰፋች ትንሽ የብረት መለያ አለችው፤ መለያዋ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾባታል። በር ላይ ስትገቡ አይታችሁት “ስንት ነው?” ያላችሁ ነበራችሁ። አይሸጥም። “ስጦታ ነው?” ያላችሁም አላችሁ። ስጦታም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

አደራ ነው። እኛ አገር አደራ የሚለውን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ አደራ በላ የሚባል ሰው በሰፈሩ እንዴት እንደሚታይም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች አንዲት ቃል አይወጣም።

ነገሩ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ነው፤ አንዱ ሳጥን ደብቆ ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ይናገራል፣ ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል። ይህ በግ ደግሞ ሰው እየተሸከመው ከሳጥን ሳጥን የሚሄድ ተጓዥ ነው። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ይህ በግ ምን እንደሆነና በምን እንደሚሄድ። ሁለተኛ፣ እንዴት ተሠርቶ እንደሚላክ። ሦስተኛ፣ የሌላ ሰው ተጓዥ እጃችሁ ሲገባ ምን እንደምታደርጉ። ጊዜ ከተረፈን ሳጥን ስለ መደበቅም እናነሣለን። የምትቸኩሉ ካላችሁ ሦስተኛውን ብቻ ስሙ፤ ለአስጎብኚ የሚበጀው እሱ ነው።

አንደኛው።

ጂፒኤስን ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። እስቲ አስቡት፤ 100 ሜትር ስቶ ምን ተፈልጎ ይገኛል? ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ያ ማዛባት ተነሣ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀና ያለበትን ቦታ በቁጥር ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ባልዲው ውስጥ መዝገብ፣ እርሳስና ጥቂት ዕቃዎች ነበሩ። በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላም ነበረበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎች አገኙት። ጨዋታው ጂኦካሺንግ የሚለውን ስም ያገኘው ብዙም ሳይቆይ በግንቦት ወር ነው። የተደበቀው ሳጥን ካሽ ይባላል። አጠራሩ ከባንኩ ካሽ ጋር አንድ ይምሰል እንጂ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ መስሏችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አዝናለሁ።

ባቄላውን ያነሣሁት እንዳትኮርጁት ነው። ዛሬ ካሽ ውስጥ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፤ አውሬ ይጠራል። አልመር ባልዲውን ከፊሉን ቀብሮት ነበር፤ ዛሬ ያለ ቦታው ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቆፈርም ክልክል ነው። የመጀመሪያው ካሽ በዛሬው ሕግ ቢታይ በሁለት በኩል ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ በጉ። ካሽ ካለበት አይነቃነቅም፤ ተጓዡ ነው ከካሽ ካሽ የሚሄደው። ተጓዡን የሚለየው ይህች መለያ ናት። ጂኦካሸሮች፣ ማለትም የጨዋታው ተጫዋቾች፣ ትራቭል ባግ ይሏታል። ከአሻንጉሊት ጋር ሳይሆን በሳንቲም መልክ የሚሠራም አለ፣ ጂኦኮይን ይባላል። እያንዳንዱ ተጓዥ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ አለው፤ ከየት ተነሣ፣ ማን ወሰደው፣ የት አደረሰው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ሁሉም እዚያ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም። መለያዋ ውስጥ ባትሪ የለም። ሲም ካርድ የለም። ጂፒኤስ የለም። ብረት ናት! በጉ ፍራንክፈርት መድረሱን የምናውቀው ያደረሰው ሰው ስለመዘገበ ብቻ ነው። ሰውየው ካልመዘገበ በጉ ለእኛ አሁንም ደብረ ብርሃን ነው። ኪሎ ሜትሩም የሚቆጠረው ከአንዱ ካሽ እስከ ሌላው በቀጥታ መስመር ነው። ከዚህ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተሸካሚው በዱባይ ዞሮ ቢሄድ መንገዱ ለበጉ አይታሰብለትም።

ሁለት ቁጥሮችንም ለዩ። አንደኛው ገጹ ላይ ለሁሉም የሚታይ ነው፣ ቲ እና ቢ በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። ሌላው መለያዋ ላይ የተቀረጸው ነው፣ እሱ ምስጢር ነው። በእጁ የያዘ ሰው ብቻ እንዲመዘግብ የሚያደርገው ይህ ምስጢር ነው። ፎቶ ስታነሡ መለያዋን ገልብጧት ወይም በአውራ ጣታችሁ ሸፍኗት። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ፌስቡክ ላይ ከወጣ በጉን ዐይቶት የማያውቅ ሁሉ “አይቻለሁ” ብሎ ይመዘግባል፤ ያን ጊዜ ገጹ ቆሻሻ ይሆናል።

እስከ የት ይሄዳሉ? በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የኮምፒውተር ጌም ሠሪው ሪቻርድ ጋሪዮት ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲሄድ መለያ ይዞ ወጥቷል፤ ጣቢያው ራሱ እንደ ካሽ ተመዝግቧል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ ደግሞ ካሜራ መፈተሻ ሰሌዳዋ ላይ የተጓዥ ኮድ ተቀርጾባት ሄዳለች። ኮዱን ከማርስ በተላኩ ፎቶዎች ላይ ያነበቡ ሰዎች መዝግበውታል። ይህን የምነግራችሁ ለማስገረም ብቻ አይደለም። ማየትና መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። የማርሱን ማየት ይቻላል፣ መውሰድ ግን አይቻልም። ወደ ሦስተኛው ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው፣ አሠራሩ።

መለያዎቹ በኢንተርኔት ነው የሚሸጡት፤ የውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ። ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት ነው። አንደኛዋ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ቤት ትቀራለች። ለምን ሁለት? አንደኛዋ ስትጠፋ ሌላዋን አዲስ በግ ላይ አስራችሁ እንድትልኩ ነው። “ስትጠፋ” ነው ያልኩት፣ “ብትጠፋ” አላልኩም።

አሻንጉሊቱ ስንት ይሁን? ካሾች መጠን አላቸው። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሆነው ማይክሮ ነው፤ የፊልም ጥቅል መያዣዋን የምታስታውሱ አባቶች እሷን አስቡ። ከ100 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር ያለው ትንሽ ነው። ከ1 እስከ 20 ሊትር ያለው መደበኛ፣ ከዚያ በላይ ትልቅ ይባላል። አውሮፓ ከተማ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው ማይክሮ ነው። ስለዚህ በጋችሁ ከጡጫ ከበለጠ ተሸካሚው የሚያሳርፍበት አጥቶ ሻንጣው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ በመጨረሻም መሳቢያው ውስጥ ያስገባዋል። የተጓዥ መቃብር መሳቢያ ነው።

ሱፉን በደንብ እጠቡት። ያልታጠበ ሱፍ ላቡና ቅባቱ አለበት፤ እርጥብ ሳጥን ውስጥ አንድ ክረምት ከከረመ ይሻግታል፣ ይሸታል። ከታጠበ በኋላ ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው። ውስጡን በጨርቅ ቁራጭ ሙሉት፤ በእህል ወይም በባቄላ እንዳትሞሉት፣ ይነቅዛል፣ አይጥም ይበላዋል፣ ጉምሩክ ላይም ጣጣ ነው። አሁን ወደ መለያዋ። ከመለያዋ ጋር የምትመጣው የዶቃ ሰንሰለት ሲስቧት ትከፈታለች። ጣሏት። አንገቱ ላይ በሲባጎ ማሰርም አይበጅም፤ ሱፍ ሲታመቅ አንገቱ ይቀጥናል፣ ክሩ በራሱ በኩል ይወልቃል። ትክክለኛው መንገድ በመርፌ ሆዱን ከግራ ወደ ቀኝ በስቶ የማይዝግ ሽቦ ማሳለፍ፣ ሽቦውን ሦስት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ ከዚያ በቁልፍ ቀለበት መለያዋን ማያያዝ ነው። የሽቦው ጫፍ ውጭ ከቀረ የሰው እጅ ይወጋል፣ አጠገቡ ያለውን ላስቲክም ይቀዳል። ምስጢር ቁጥሩን በማይለቅ ማርከር ጨርቅ ላይ ጽፋችሁ ሆዱ ውስጥ ስፉት። መለያዋ ብትወልቅ በጉ ስሙን ሆዱ ውስጥ ይዞታል።

ካርድም ያስፈልገዋል። በቢዝነስ ካርድ ልክ፣ በላስቲክ የተለበጠ። ምን ይጻፍበት? “ተጓዥ ነኝ፣ ማስታወሻ አይደለሁም፣ ወደ ሌላ ካሽ አድርሰኝ።” በእንግሊዝኛ ጻፉት፣ ብትችሉ በጀርመንኛም ጨምሩ፤ ጀርመን ከአሜሪካ ቀጥላ ብዙ ካሽ ያለባት አገር ናት። ከዚያ የጉዞው ዓላማ። ዓላማውን ቀላል አድርጉት እባካችሁ! “ሰባቱን አህጉር ዞሬ መንዝ ልመለስ” ያለ በግ አይመለስም። አገራችን ውስጥ ያሉት ካሾች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ማን ይዞት ይመጣል? “በደረስኩበት አገር ከበግ አጠገብ ፎቶ አንሡኝ” ያለ ግን በየሄደበት ይሳካለታል። በግ የሌለበት አገር የት አለ?

ገጹ ሳይነቃ በጉን እንዳትሸኙት። ከመለያዋ ጋር የማንቂያ ኮድ አለ፣ እሱን አስገብታችሁ ስሙንና ዓላማውን ትጽፋላችሁ። ይህ ሳይደረግ ከሄደ የሚያገኘው ሰው ምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ምንም አይመጣለትም። ይህን ስሕተት የሚሠሩት ብዙ ናቸው።

አሁን ሦስተኛው። አስጎብኚዎች፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ።

አንድ የቼክ አገር ወይም አንድ ጀርመናዊ እንግዳ መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያይ ውሎ፣ ማታ ጉርሻችሁን ሲሰጣችሁ ከቦርሳው መለያ ያላት ትንሽ የአሻንጉሊት እንቁራሪት ያወጣና “ይህን ካሽ ውስጥ አድርስልኝ” ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው ለልጁ ይወስድለታል። ልጁም ይጫወትበታል። በሦስተኛው ቀን መለያዋ ትወልቃለች። በዚህ መሐል የእንቁራሪቷ ባለቤት ስሎቫኪያ፣ ብራቲስላቫ ተቀምጦ “እንቁራሪቴ ኢትዮጵያ ገባች!” ብሎ ደስ ብሎት ገጹን በየቀኑ ይከፍታል። ገጹም አይነቃነቅም። አደራ በላ ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

የመሸበት መንገደኛ “የእግዜር እንግዳ” ብሎ ደጃችሁ ሲቆም እግሩን ታጥባላችሁ፣ ታበላላችሁ፣ ታሳድራላችሁ፣ ጠዋት ትሸኛላችሁ። “አንተ ጥሩ ሰው ነህ፣ እዚሁ ቅር” ብላችሁ በር አትቆልፉበትም። ተጓዥ ሲገባላችሁም ይኸው ነው።

አመዘጋገቡን በቅደም ተከተል ልናገር። ተጓዡን ከካሽ ውስጥ ካወጣችሁ እና ገጹም እዚያ ካሽ ውስጥ መሆኑን ካሳየ፣ “ሪትሪቭ” የሚለውን ትመርጣላችሁ። ገጹ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ሰው እጅ እንዳለ ካሳየ “ግራብ” ነው። ሌላ ካሽ ውስጥ ስታስቀምጡት “ድሮፕ” ትላላችሁ፤ ይህ የሚደረገው የካሹን ጉብኝት ስትመዘግቡ አብሮ ነው። ሳታስቀምጡት ይዛችሁት ከዞራችሁ “ቪዚት” ነው። ዐይታችሁ ብቻ ከተዋችሁት፣ እንደ ማርሱ፣ “ዲስከቨር” ነው። ተጓዥ ስትወስዱ በምትኩ ሌላ ዕቃ ማስቀመጥ አይጠበቅባችሁም፤ ያ ካሽ ውስጥ እየተቀያየሩ ለሚወሰዱ ዕቃዎች ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ነው? መቸኮል ላይ ነው። እንግዳው ተጓዡን ዛሬ ካሽ ውስጥ አስቀመጠ፤ ግን ኔትወርክ የለውም፣ ሊመዘግብ ያሰበው አዲስ አበባ ሆቴሉ ሲገባ ነው። እናንተ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ አገኛችሁት፣ ገጹ አሁንም እሱ እጅ እንዳለ ያሳያል፣ “ግራብ” አላችሁ። ማታ እሱ “ድሮፕ” ሊል ሲሞክር ተጓዡ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። የመጣበት መንገድ አልተመዘገበም፣ ኪሎ ሜትሩም ተበላሸ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሦስት አራት ቀን ጠብቁ። በጉ አይርበውም።

እጃችሁ ላይ ስንት ጊዜ ይቆይ? ልማዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እዚህ አገር ሁለት ሳምንት ላይበቃ ይችላል፤ የሚቀመጥበት ካሽ ጥቂት ነው። እንግዲያው ለባለቤቱ ሁለት መስመር ጻፉለት፦ “እንቁራሪትህ ደህና ናት፣ ወደ አውሮፓ የሚመለስ እንግዳ እስካገኝ እኔ ጋ ትቆያለች።” ከጭላዳ ጋር አንድ ፎቶ ብትጨምሩለት ሁለት ወር ቢቆይም አይከፋውም። እዚህ ካለ ባለቤት አልባ ካሽ ውስጥ ከመጣል በቦሌ ለሚወጣ ጂኦካሸር እንግዳ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ። በሌላ አገር የሚኖሩ ጂኦካሸሮች በዚህ ላይስማሙ ይችላሉ፤ እነሱ አምስት ደቂቃ በእግር ሄደው ካሽ የሚያገኙ ናቸው።

ካሽ ከፍታችሁ ገጹ “አለ” የሚለው ተጓዥ ከሌለስ? ዝም አትበሉ። “ከፍቼ አየሁ፣ የለም” ብላችሁ ጻፉ። የተጓዡ ባለቤት ወይም የካሹ ባለቤት ያዩትና “ቦታው የማይታወቅ” ያደርጉታል። ይህ ሞቱ አይደለም። ከዓመታት በኋላ መሳቢያ ከፍቶ ያገኘው ሰው ቁጥሩን ቢያስገባ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጊዜ ተርፎናል? አንድ ሩብ ሰዓት። ስለ ሳጥን ላንሣ።

ውጭ አገር የታወቀው ካሽ የጥይት ሳጥን ነው፤ ብረት ነው፣ ጎማ አለው፣ ውኃ አያስገባም። እዚህ ግን የጥይት ሳጥን ድንጋይ ሥር ደብቃችሁ አንድ እረኛ ቢያገኘው ምን ይሆናል? ሳቃችሁ አይደል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። የምታሳይ ባለ መቆለፊያ የምሳ ዕቃ ይሁን፤ ውስጡ ከውጭ ይታይ። ክዳኑ ላይ በትልቁ በአማርኛ “የጂኦካሺንግ ጨዋታ ሳጥን፣ አደገኛ ነገር የለበትም፣ አይቶ መመለስ ይቻላል” ብላችሁ ጻፉ፤ ለቀበሌው ንገሩ፣ የቦታውን ባለቤት አስፈቅዱ። ጓሳ ከሆነ ሳሩ ሳይቀር በሕዝቡ ስምምነት የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ ድንጋይ እንዳታነሡ።

ሌላም አለ። ክር የተጠመጠመበት የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ዛፍ ሥር ተደብቆ ቢገኝ በአካባቢያችን ምን እንደሚባል አባቶች ታውቃላችሁ። መተት ነው ይባላል። ሳጥኑም፣ ደብቆት የተገኘውም ሰው አይተርፍም። አሻንጉሊታችሁ እንስሳ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። በግን ማንም አይጠረጥረውም።

ውስጡ ምን ይግባ? መዝገብ፣ እርሳስ፤ እስክሪብቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አይጽፍም። ተጓዡ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ይግባ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ ለውጧት። ጎማው ላይ ፀጉር ወይም ሣር ከተያዘ ክዳኑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም፤ ሰኔ ላይ ያስገባት አንዲት ጠብታ እስከ መስከረም መዝገቡን ገንፎ ታደርገዋለች። ከሌላ ካሽ ሳጥን ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመላልሶ የሚያየው ባለቤት ይኑረው፤ ለጉብኝት መጥቶ የሚሄድ ሰው ካሽ ቢደብቅ አይጸድቅለትም። ይህ ለእናንተ ለነዋሪዎቹ የተተወ ሥራ ነው።

ልኬቱን ስትወስዱ ሁለት ወጥመድ አለ። ጂኦካሺንግ የሚጠቀመው ዲግሪና ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው ሦስት ዴሲማል አለው፣ የመጨረሻዋ አሃዝ 1.85 ሜትር ገደማ ትወክላለች። ለምሳሌ ሰሜን 9 ዲግሪ ከ40.800 ደቂቃ ብለን ደብረ ብርሃን አካባቢ እንቁም። ይህ በዴሲማል ዲግሪ 9.680 ነው። አንድ ሰው ነጥቡን አሳስቶ 9.408 ብሎ ቢያስገባ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሄዷል ማለት ነው! ሁለተኛው ወጥመድ ነባሮቹ የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች ናቸው። አዲንዳን በሚባል መነሻ ልኬት የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ። ከካርታው ያነበባችሁትን ቁጥር በቀጥታ ስልክ ላይ ብታስገቡት ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። በአልመር ጊዜ የተነሣው ስሕተት ተመለሰ ማለት ነው።

ገደል ሥር ደግሞ ምልክቱ ድንጋዩን ነክቶ ዞሮ ይመጣል፣ ቁጥሩም ይዘላል። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ጭራሽ አይሠራም። ስለ ጣርማ በር ካነሣሁ ዘንድ፣ እዚያ ሳጥን ባታስቀምጡ እመርጣለሁ። ኧርዝካሽ የሚባል አለ፤ ሳጥን የለውም፣ ጎብኚው ቦታው ድረስ መጥቶ ስለ ድንጋዩና ስለ መልክዓ ምድሩ የቀረበለትን ጥያቄ ይመልሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ የስምጥ ሸለቆን ጠርዝ ቁልቁል ከማየት የተሻለ ምን ትምህርት አለ? ተጓዥ በጋችሁ እዚያ ማረፍ አይችልም፤ “ቪዚት” ተብሎ ግን ይመዘገብለታል።

በቃ፣ ምሳ ደርሷል። ከምሳ በፊት ግን አንድ ሥራ አለን። ስልካችሁን አውጡ፣ ሎኬሽን አብሩ፣ ወደ ግቢው እንውጣ። ከቆርቆሮ ጣሪያውና ከግድግዳው ራቁ፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ አንብቡ፣ ጻፉ፣ አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ተመለሱና እንደገና አንብቡ። አምስት ጊዜ ከወሰዳችሁ በኋላ ቁጥሮቹን እናስተያያለን። በጉን የፊት ረድፍ ላይ ያላችሁት አባቶች ያዙልኝ፤ መለያዋን ግን ካሜራ እንዳያያት።